ስለ ጸሎት ዝላይ ከሮቤ የቀረበ አቤቱታ

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለእኅቴ ልጅ ለጸሎት ወንዶሰን
ኦውሉ፣ ፊንላንድ
ጉዳዩ፦ ስልኬን መዝጋቴን ስለማሳወቅ

ውድ ጸሎት፣

ከሰላምታ አስቀድሜ በታላቅ የኃላፊነት ስሜት የማስታውቅሽ ነገር አለ፤ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ላለፉት ዐሥራ ሦስት ዓመታት ያገለገለችኝ ባለ ቁልፏ ስልኬ ከእሑድ ታኅሣሥ 5 ቀን ጀምሮ ላልተወሰነ ጊዜ ተዘግታለች። ስልኳ የእናንተ አገር ሰዎች ሥሪት ናት። የእናንተ አገር ዳኞች ቅዳሜ ዕለት ያደረጉሽን ካየሁ በኋላ፣ እነሱ በሠሩት ዕቃ «ሃሎ» ማለት ክብሬ አልፈቀደልኝም። ርምጃው በሁለቱ አገሮች ግንኙነት ላይ የሚያስከትለውን እየተጠባበቅሁ ነው፤ እስካሁን ከፊንላንድ በኩል የተሰማ ነገር የለም። ባለቤቴ አባይነሽ «ካርድ አልቆበት ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። አትስሚያት።

ስለዚህ ከእንግዲህ የምንገናኘው በደብዳቤ ነው። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተችው ረቢያ በስካነር ትልክልሻለች፤ የአንቺንም አትማ ትሰጠኛለች። ሁሉን ቀድማ የምታነብበው እሷ ስለሆነች ስለ እሷ ክፉ ነገር መጻፍ አልችልም።

አይተውኛል ወይ ላልሽው፦ አይቼሻለሁ። ረቢያ ቤት ወንበር ስላልበቃ ዐሥራ አንድ ሰው ቆሞ አይቶሻል። በረዶው ላይ ዘልለሽ ሦስት ዙር ስትዞሪ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጮክ ብዬ ቆጥሬያለሁ። ባጃጅ የሚነዳው ሮቤራም አብሮኝ ቆጥሯል፤ ሮቤራ ደግሞ ባጃጁ ላይ ስንት ሰው እንደጫነ ትራፊክ ሲጠይቀው ካልሆነ በቀር ቁጥር አይሳሳትም። ታዲያ ለሚቀጥለው ውድድር ሦስት ልጅ በሚመረጥበት ማጣሪያ፣ በስድስት ዐሥረኛ ነጥብ ተበልጠሽ አራተኛ እንዴት ትሆኛለሽ? ለምን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን። መልክሽን አይተው ነው።

የስንዴውን ነገር ጠይቀሽኝ ነበር፤ ታጭዶ አልቋል፤ ኮምባይነሮቹ ወደ ጊኒር በኩል ሄደዋል፤ ከተማው ገለባ ገለባ ይሸታል። እኛ ደህና ነን። እናትሽ አዜብ ደግሞ «ጸሎት ደህና ናት፣ እየበላች ነው» ብላ በረቢያ በኩል ላከችልኝ። አዜብን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ «እየበላች ነው» ካለች አንድ ነገር አለ። ምንድን ነው?

አጎትሽ
ጎሹ ክብሩ
(ጡረተኛ መምህር)


ኦውሉ፣ ታኅሣሥ 11

ውድ ጋሼ ጎሹ፣

እንደምን አሉ? እትዬ አባይነሽስ? ረቢያ፣ አንቺም እንደምን ነሽ? ይህን ስታትሚ እዚያው ቆመሽ አትሳቂ።

ቶሎ ስላልመለስኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሼ፣ ስልክዎን ይክፈቱ፤ ፊንላንድ በጣም ተጎድታለች፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። (እዚህ አገር ሰው ሁሌም ዝም ነው፤ ግን ይሁን።)

አላለቅስም። እግሬም ደህና ነው፤ እማዬ ያለችዎትም እውነት ነው፣ እበላለሁ። ሌላ የሚጠይቁኝን ግን አሁን አልመልስም፤ አይቆጡኝ።

«መልክሽን አይተው ነው» ላሉት ምን ልበልዎት? አላውቅም። ከሰባቱ ዳኞች አራተኛዋ ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለች፤ ከትንሽነቴ ጀምሮ ዝቅ አድርጋ ነው የምትሰጠኝ። አሠልጣኜ «እሷ ለሁሉም እንደዚያ ናት» ትላለች። ጓደኞቼ «ላንቺ ይብሳል» ይላሉ። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ጋሼ፣ ቢበድሉኝ እናደድና ያልፍልኛል፤ ባይበድሉኝ ደግሞ አፍርና ያልፍልኛል። የትኛው እንደሆነ አለማወቄ ነው የከበደኝ። በረዶው ሜዳ ላይ ስቆም እግሬ ሳይሆን ይሄ ነው የሚጎትተኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ምንም እንዳያደርጉ። አውቅዎታለሁ። ምንም!

ልጅዎ
ጸሎት


ሮቤ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጸሎት፣

«ምንም እንዳያደርጉ» ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ትናንት ሰኞ ነው፤ የረቢያ ማተሚያ ቀለም ጨርሶ ነበር። ነገሩ የሆነው እሑድ ነው። ስለዚህ ቃልሽን አልጣስኩም፤ ቃልሽ ነው የዘገየው።

የመናኸሪያ ሠፈር መረዳጃ ዕድር እሑድ ወርኀዊ ስብሰባ ነበረው። የድንኳኑን ቀዳዳ ተወያይተን፣ የጠፉትን ሁለት ብረት ድስቶች ተወያይተን፣ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲባል ተነሣሁ። ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ በየነ መሐል ላይ አስቁሞኝ፣ «መምህር፣ ልጅቷ ሞታለች ወይስ አልሞተችም? አጀንዳው የትኛው ዓምድ እንደሚገባ ልወቅ» አለኝ። አልሞተችም፣ ተበድላለች አልኩት። «እንግዲያው ይኼ አዲስ ዓምድ ነው» አለና መስመር አሰመረ።

በአንድ ድምፅ አለፈ። አቶ ሙሉጌታ ተኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ሲነቃ ሰው ሁሉ እጁን አውጥቶ ስላየ እሱም አወጣ። ከዚያ አቤቱታውን ጻፍን፤ ማኅተም አደረግንበት፤ ረቢያ በኮምፒውተር ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉማ የዳኞቹን አድራሻ ፈልጋ ላከችው። ቀንጭቤ ላሳይሽ፦

«ልጃችን ወይዘሪት ጸሎት ወንዶሰን ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በአየር ላይ ሙሉ ሦስት ዙር የዞረች መሆኗን 63 አባላት ያሉት ማኅበራችን ያረጋገጠ ስለሆነ፣ የተነፈገችው ነጥብ በአስቸኳይ እንዲመለስላት እየጠየቅን፣ ጉዳዩን በቅርብ የምንከታተለው መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን። ግልባጭ፦ ለአሠልጣኟ።»

አባይነሽ ስትሰማ ምን እንዳለች አልጽፍልሽም። ትቆጪ ይሆን? ከተቆጣሽ ጻፊልኝ፤ ዝም አትበዪ። ስትቆጪ እወድሻለሁ፤ ስትዘጊ ነው የምፈራው።

አጎትሽ ጎሹ


ኦውሉ፣ ታኅሣሥ 21

ጋሼ!

ረቢያ የተጠቀመችበት አስተርጓሚ «ዕድር» የሚለውን ምን ብሎ እንደተረጎመው ያውቃሉ? «የቀብር ማኅበር»። እስቲ ያስቡት። የዳኞቹ ሰብሳቢ የምትባል የስድሳ ዓመት ሴትዮ ጠዋት ቢሮዋ ገብታ ደብዳቤ ትከፍታለች፤ ስድሳ ሦስት አባላት ያሉት፣ ማኅተም ያለው የቀብር ማኅበር «ጉዳዩን በቅርብ እንከታተላለን» ይላታል።

አሠልጣኜን ጠርታ በሹክሹክታ «ልጅቷ ቤት ሰው ሞቷል እንዴ?» አለቻት። አሠልጣኜ እኔን ጠራችኝ። እኔ ቆሜ ዕድር ምን እንደሆነ ለሁለት ፊንላንዳውያን አስረዳሁ፤ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ሁሉን። ሰብሳቢዋ ስትሰማኝ ቆይታ «ታዲያ ስድሳ ሦስት ሰው ስላንቺ ተሰበሰበ ማለት ነው?» አለች። አዎ ስል ሳቅኩ። ከውድድሩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። ከዚያ ደግሞ አላለቅስም ያልኩትን አለቀስኩ።

መልስ ጽፋልዎታለች፤ አባሪ አድርጌዋለሁ። በሰጡት ነጥብ ላይ ይግባኝ እንደማይቀበሉ በትሕትና ትገልጻለች፤ «ለደረሰባችሁ ሐዘን» ደግሞ መጽናናትን ትመኛለች፤ ማንም አልሞተም ብላት እንኳ ይህን ላስተዋት አልቻልኩም። የሰባቱ ዳኞች ማርክ ያለበትን ወረቀትና በዝግታ የሚታየውን ቪዲዮም ልካለች።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። ከውድድሩ ጀምሮ በረዶ ላይ አልወጣሁም። እማዬ ልምምድ የምሄድ ይመስላታል፤ እኔ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ እመለሳለሁ። የሚቀጥለው ዓመት የክለባችን ቡድን ምዝገባ ጥር 7 ይዘጋል። ካልፈረምኩ አበቃ፤ በዐሥራ ሰባት ዓመት እንደገና የሚወስድ ቡድን የለም። አልፈርምም ብዬ ወስኛለሁ። ምንም ብሠራ የሚቀንሱብኝ ከሆነ ጉልበቴን ለምን እሰብራለሁ?

ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ በእጅ ጽሕፈት ከዐሥር አምስት ተኩል የሰጡኝ ሰው ነዎት። እማዬ አንድ ሳምንት አላናገረችዎትም። እርስዎ ደግሞ «የእኅቴ ልጅ መሆኗ ‹ጸ›ን አያቃናውም» አሏት። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያባብለኛል። ወረቀቱን ይዩልኝ። ቪዲዮውን ይዩልኝ። አጎቴ ሆነው ሳይሆን እንደዚያን ጊዜ ይረሙኝ።

ጸሎት


ሮቤ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጸሎት፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ደህና ነን። ገና ደርሷል፤ በግ ገዝተናል፤ በጉ ከአባይነሽ በቀር ማንንም አይሰማም፤ በዚህ ከኔ ጋር ይመሳሰላል።

ዘንድሮ ብርዱ የጉድ ነው። ከትናንት በስቲያ በደሎ መና አውቶቡስ የመጣ ሰው ሳነቲ ተራራ ላይ ኩሬው ሁሉ ጠዋት ጠዋት በረዶ እየያዘ ነው አለን። ትዝ ይልሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ስድስት ዓመትሽ ሆኖ አብረን ወደ ደሎ መና ስንወርድ አውቶቡሱ እዚያ ተበላሽቶ ነበር። ሾፌሩ ሞተር ሲፈታ አንቺ ኩሬው ላይ ወጥተሽ በፕላስቲክ ጫማሽ ተንሸራተሻል። በረዶው የወረቀት ያህል የሳሳ ነበር። እኔ «ውረጂ!» ብዬ ጮህኩ፤ አንቺ «የት ልውረድ? መሬት ላይ ነኝ» አልሽኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀብኝ።

አቶ በየነም ሰላም ብሎሻል። የዕድሩ ድስት አንዱ ተገኝቷል። ጎባ በኩል ያለው አስፋልት እንደገና ተቆፍሯል። ሮቤራ አዲስ ባትሪ ገዝቷል። የሴትዮዋ ማጽናኛ ደርሶናል፤ አቶ በየነ ለአባላቱ አንብቦ ሁለት ሰው አልቅሷል።

ወረቀቱንና ቪዲዮውን አይቻለሁ፤ በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ። መልካም ገና።

ጎሹ


ኦውሉ፣ ታኅሣሥ 28

ጋሼ፣

ስለ ብርድ፣ ስለ በግ፣ ስለ ድስት፣ ስለ ባትሪ ጽፈውልኛል።

ስንት ሰጡኝ?

ጸሎት


ሮቤ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጸሎቴ፣

ሠላሳ አራት ዓመት ፈተና ሳርም ኖሬ ወረቀት ፈርቼ አላውቅም። ያንቺን ስድስት ቀን ኪሴ ይዤው ዞርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እንዴት እንዳረምኩሽ ልንገርሽ። የረቢያ ቤት ወለል ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ ሣልኩ፤ እንደ ሰዓት ለአራት ከፈልኩት። ረቢያ ቪዲዮውን እግርሽ በረዶውን በነካበት ቅጽበት ታቆመዋለች። ሮቤራ ክቡ መሐል ቆሞ እግሩን ልክ እንዳንቺ ያደርጋል። ሮቤራ አንድ ጊዜ «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብሎ ዘሎ ነበር። ግማሽ ዙር ዞሮ የወረቀት ካርቶን ላይ ወደቀ። «አቦ ጋሼ፣ እኔ በቁሜ ግማሽ ካልሞላሁ ይቺ ልጅ ሦስት እሞላለሁ ብላ ለምን ትጨነቃለች?» አለኝ። አትስሚው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉ ብትዞሪ ኖሮ ስታርፊ የጫማሽ ጫፍ በሩን ማየት ነበረበት። የሚያየው የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ነው። ረቢያ «ወላሂ ጋሼ፣ በሩን ልታይ ትንሽ ነው የቀራት» አለች። ትንሽ አይደለም፤ ሩብ ነው። ዘጠኝ ጊዜ አየሁት። መነጽሬን ጠርጌ አየሁት። ረቢያን «ማሽኑን ገፋ አድርጊው» ልላት ሁሉ ዳድቶኝ ነበር። በዘጠነኛውም ማሽኑን አየሽ።

ሦስተኛውን ዙር ስቆጥር የቆጠርኩት እግርሽን አልነበረም፤ ደስታዬን ነበር።

ወረቀቱ ላይ ከዝላይሽ ስም ጎን አንዲት ትንሽ የፈረንጅ ፊደል አለች። ረቢያ መመሪያውን ፈልጋ አወጣችልኝ፤ «ሩብ ጎድሏል» ማለት ነች። እሷን የሚጽፉት ዳኞቹም አይደሉም፤ ቪዲዮውን መልሰው የሚያዩ ሌሎች ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰባቱ ለዝላዩ የሚሰጡት ከሲደመር አምስት እስከ ሲቀነስ አምስት ነው። አንዱ ሲቀነስ አንድ፣ አምስቱ ሲቀነስ ሁለት ብለውሻል። አራተኛ ወንበር ያለችው ሴትዮሽ ሲቀነስ ሦስት ብላለች። ከዚያ ቦታ ላይ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ እኔ ስንት እሰጥሽ ነበር? እርሳሴን ይዤ ብዙ አሰብኩ። ሲቀነስ ሦስት ነው። ከሰባቱ ሁሉ የምመስለው እሷን ነው። ገበያ ላይ ብንገናኝ ሳንተዋወቅ ሰላም የምንባባል ይመስለኛል።

ግን ደግሞ ሁሉን አጸድቄ አልሄድም። «አቀራረብ» በሚሉት፣ ከዐሥር በሚታረመው ረድፍ ስድስቱ ከሰባት በላይ ሲሰጡሽ እሷ አምስት ከግማሽ ብላለች። ሦስት ጊዜ አይቼው አልገባኝም። አድልዎ ነው አልልሽም፤ አይደለምም አልልሽም፤ በእርሳስ ከብቤ አስቀምጬዋለሁ። ደንባቸው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ማርክ ይጥላል፤ ስለዚህ ያቺ አምስት ከግማሽ ተጥላለች፤ ስድስት ዐሥረኛዋን የወሰደችብሽ እሷ አይደለችም። የወሰደችው ሩቧ ናት።

አሁን ስሚኝ። ይህን ካወቅሁ በኋላ እቤት ገብቼ ለአባይነሽ ነገርኳት። «ታዲያ ምነው ፊትህ በራ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በርቶ ነበር። በድለውሽ ቢሆን ኖሮ እኔ ምን አቅም ነበረኝ? ማኅተም ነበረኝ፣ እሱንም አየነው። በሰው ልብ ውስጥ ያለን ነገር ከሮቤ ሆኜ አላቃናልሽም። ይቺ ግን በእግርሽ ውስጥ ያለች ነገር ናት። «ጸ»ሽንም ያቃናሽው አንቺ ነሽ፤ ሰኔ ላይ ዘጠኝ ሰጥቼሻለሁ፤ እሱን እናትሽም አንቺም አታወሱትም።

መፈረም አለመፈረም ያንቺ ነው። ብትተይው ከጎንሽ ነኝ። ነገር ግን «ምንም ብሠራ ይቀንሱብኛል» ብለሽ አትተይው። እሱ ምክንያት ስሕተት ነው፤ አርሜዋለሁ።

ጎሹ ክብሩ
አራሚ


ኦውሉ፣ ጥር 6

ውድ ጋሼ፣

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። «ማሽኑን ገፋ አድርጊው» የሚለው ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ስስቅ አንድ ሽማግሌ ዞር ብሎ አየኝ፤ እዚህ አገር ይህ እንደ አዋጅ ነው።

ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም። ምናልባት ዙሩ አጥሯል ብሎ ደፍሮ የነገረኝ፣ ባያጥር ኖሮ አላጠረም ብሎ የሚሟገትልኝ ሰው ስለሆነ ነው።

እማዬ አወቀች። ቤተ መጻሕፍቱን ሳይቀር ነገርኳት። «ጎሹ አይቶታል?» አለችኝ። አዎ፣ አጥሯል አለ አልኳት። «እሱማ ለማን ሞልቶለት ያውቃል!» አለች፤ ወዲያው ግን የስኬቲንግ ጫማዬን ከአልጋ ሥር አውጥታ በሩ ጋ አስቀመጠችው።

ዛሬ ፈረምኩ። አሠልጣኜ ዝላዩን ከመሠረቱ እንደገና ነው የምንሠራው ብላኛለች፤ እስከ መጋቢት ከአንድ ዙር በላይ የለም። ዛሬ ሃያ ጊዜ አንድ ዙር ዘለልኩ፤ ከአጠገቤ የሰባት ዓመት ሕፃናት ሁለት ይዞራሉ። አንዷ መጥታ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» አለችኝ።

ስወጣ ሰብሳቢዋ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማኅበሩ አሁንም ይከታተለናል?» አለችኝ። ጋሼ፣ እባክዎን አንድ ነገር ይጻፉላት። በደንቡ፣ በማኅተም።

ሴትዮዋን ብዙ አያስለቅሷት።

ልጅዎ
ጸሎት


የመናኸሪያ ሠፈር መረዳጃ ዕድር
ሮቤ፣ ባሌ

ቁጥር፦ መሠመዕ/02/18
ቀን፦ ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዳኞች ሰብሳቢ
ፊንላንድ

ጉዳዩ፦ እርምት ስለማድረግ

ማኅበራችን ዛሬ ታቦት ከመውጣቱ በፊት ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የላከውን አቤቱታ እንደገና መርምሮ የሚከተለውን እርምት አድርጓል።

ስለ ላካችሁልን ማጽናኛ እናመሰግናለን። በጉዳዩ የሞተ ሰው ስለሌለ ለሚቀጥለው ሐዘናችን በፋይል ይዘነዋል።

ማኅበራችን እስከ ዛሬ ተሰብስቦ የሚያውቀው ለሞተ ሰው እንጂ ለሚዘልል ሰው ስላልሆነ፣ ስሕተቱ ከልምድ ማነስ የመጣ መሆኑ ታውቆ በይቅርታ እንዲታለፍልን እንጠይቃለን። አራተኛ ወንበር ላይ ለተቀመጡት ዳኛ የማኅበሩ አራሚ የተለየ ሰላምታ ያቀርባል፤ የአምስት ከግማሿን ጉዳይ ግን አልተወውም።

በዚሁ አቤቱታ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ «ሙሉ ሦስት ዙር» ተብሎ የተጻፈው «ሁለት ዙር ከሦስት ሩብ» ተብሎ እንዲነበብ። ቀሪዋ ሩብ በልጃችን እጅ ናት፤ ስትሞላ ራሷ በአካል ታቀርብላችኋለች።